ውርጩ ሳይነሳ

ላቀው ዱካውን ያየው ፀሐይ ገና ሜዳው ላይ ሳትወጣ ነበር። ጥቅምት ሲጋመስ የደባርቅ ብርድ ይጠነክራል፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ እንደ ጨው ተነስንሶ ይገኛል። በዚያ ነጭ ላይ አንድ ሰው ከእንግዶቹ ማረፊያ በኩል መጥቶ፣ ገመዱን ተሻግሮ፣ ሜዳውን በሰያፍ አቋርጦ እስከ ጽዶቹ ጥግ ድረስ ሄዷል። በዚያው መንገድ ተመልሷል። የግራ እግሩ ደህና ይረግጣል፤ ቀኙ ግን በየእርምጃው መሬቱን ይጎትታል። ውርጩ ላይ ረጃጅም ጭረት ትቷል።

«ምስኪን፣ እግሩን የሚያመው ሰው ነው» አለ ላቀው። ጥጉ ጋ ሲደርስ ግን ማዘኑን ተወው።

ከጽዶቹ ፊት ለፊት ያለው ሣር ዶሮ የጫረችው መስሏል። የጎልፍ ዱላ የገነጠላቸው የሣር ጓሎች እዚህም እዚያም ሥራቸው ወደ ሰማይ ተገልብጦ ተበትነዋል። ከሥራቸው ጥቁሩ አፈር አፍጥጧል። ላቀው ጎንበስ ብሎ አንዱን ጓል አነሳና ወደ ቦታው መለሰው፤ በመዳፉም ተጫነው። ሥሩ ደርቋል። የዛሬ ብቻ ሳይሆን የትናንትና የከትናንት ወዲያም ቁስል አለ።

ሜዳው ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ሎጅ ግቢ ውስጥ ነው። ሙሉ የጎልፍ መጫወቻ አይደለም። እንግዶች ኳስ መምታት የሚለማመዱበት አንድ መስክ፣ ከጎኑም ኳሱን እየገፉ ጉድጓድ የሚያስገቡበት በጣም አጭር ተደርጎ የተከረከመ ትንሽ ሣር፣ በቃ ያ ነው። ያቋቋመችው የሎጁ ሥራ አስኪያጅ የትናየት ናት። ዳባት ተወልዳ ያደገች፣ አዲስ አበባ ሆቴል ስትሠራ ጎልፍ የለመደች፣ ስትራመድም ስትናገርም ፈጣን ሴት ናት። «ቱሪስቱ ዋልያ አይቶ በማግስቱ ይሄድብናል፤ አንድ ቀን የሚያስጨምረው ነገር እንስጠው» ብላ የሎጁን ባለቤት አሳመነችው።

ሣሩ ግን እንደ እሷ አልፈጠነም። በዚህ ብርድ አንዴ የተገነጠለ ሣር እስኪያገግም ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ መስኩን በችካልና በገመድ ከፋፈሉት፤ በአንዱ ክፍል ላይ ሲመታ ሌላው ያርፋል። ከጽዶቹ ፊት ያለው ክፍል ክረምቱን ሙሉ ሲያርፍ የከረመ ነው። ከገና በፊት ከአዲስ አበባ የጎልፍ ተጫዋቾች ለወዳጅነት ውድድር ይመጣሉ ተብሎ ነበር፤ ለነሱ የተጠበቀው እሱ ነው። ባለቤቱም ነገሩን ካሁኑ ተናግሯል፤ እንግዶቹ ቅር ካላቸው ቦታውን የመኪና ማቆሚያ ያደርገዋል።

ሣሩን የሚጠብቀው ላቀው ስድሳን ያለፈ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። የጊች ሰው ነው። ጊች ተራራው አናት ላይ፣ ዋልያ ያለበት ፓርክ ውስጥ የነበረ የገብስ አገር ነው፤ ሕዝቡ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሣሩና አውሬው እንዲያገግም ተብሎ ወደ ደባርቅ ወርዷል። ላቀው ደባርቅ ሲገባ ሥራ ሲያፈላልግ የትናየት አገኘችው። የጎልፍን ነገር ያስተማረችው እሷ ናት፤ እሱም የነገረችውን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም ይዞታል። ለእንግዶች ሲያስረዳ ግን በራሱ ቋንቋ ነው።

«ኳሱን ከቅድሙ ቁስል ኋላ፣ ትንሽ ሣር ትታችሁ አስቀምጡ» ይላል። «እንደ አራሽ ትልም ተከትላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። በመስመር የቆሰለውን ግራና ቀኝ ያለው ሣር ያለብሰዋል። ተበታትኖ የቆሰለውን ግን የሚደርስለት የለም። የገነጠላችሁትን በአሸዋ ሙሉልኝ። ምድሩ ሲረጥብ የጎማው ምንጣፍ ላይ ምቱ። ውርጭ ካለ ደግሞ ፀሐይ እስክታነሳው ድረስ ሻይ ጠጡ፤ ውርጭ የያዘው ሣር ብርጭቆ ነው፣ ሲረግጡት ይሰበራል።»

እውነትም ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያ አንካሳ ዱካ ጠቁሮ ወጣ። ከመንገዱ ዳር ሆኖ እንኳ ይታይ ነበር።

በማግስቱ ላቀው ጋቢውን ተከናንቦ ከጽዶቹ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ገና ጎህ ሲቀድ ሰውየው መጣ። ወፍራም ካፖርት ለብሷል፤ ሁለት ዱላ በግራ ብብቱ ይዟል፤ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ገመዱን ተሻገረ። ላቀው አወቀው። አቶ ያርጋል የሚባሉ ከአዲስ አበባ የመጡ ሕንፃ ሠሪ ናቸው። ሎጁ ከገቡ ሰንብተዋል፤ ምግባቸውን ክፍላቸው ነው የሚያስመጡት፤ ከሰው አይቀላቀሉም።

ያርጋል ኳስ ጣሉ። ሁለት እጃቸውን ዱላው ላይ አቆላለፉና መቱ። ዱላው ከኳሱ ኋላ መሬቱን ቆፈረ፤ አንድ ጓል ሣር ተነስቶ ወደቀ፤ ኳሱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ትንሽ ራቅ ብለው ሌላ ኳስ ጣሉ። ያንንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲያስቀምጡ ላቀው ከጽዱ ሥር ወጥቶ ኳሱ ላይ ቆመ፤ አንዱ ጫማው ከፊቱ፣ አንዱ ከኋላው።

ያርጋል ደነገጡ። «ምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ እዚህ አይመታም። ይሄ የሚያርፍ ሣር ነው።»

«ዞር በል።»

«አልዞርም ጌታዬ።»

«ልመታህ እችላለሁ እኮ፣ ሽማግሌ! ከእግሬ ሥር ዞር በል አልኩህ!»

«ይምቱኝ እንግዲህ። እኔ እድናለሁ፤ እሱ ነው ቶሎ የማይድነው።»

ያርጋል በንዴት ሳቁ። «ይሄ ሁሉ ለሣር ነው?»

ላቀው እንዲህ እመልሳለሁ ብሎ አላሰበም ነበር። ዓመታት ውስጡ ተቀምጦ የኖረ ነገር ነው ድንገት የወጣው።

«አዎ ለሣር ነው! እኔ ለሣር ተብሎ ከአገሬ ወጥቻለሁ። ቤቴን በገዛ እጄ አፍርሻለሁ። የአባቴን መሬት ለሣርና ለጭላዳ ትቼ ወርጃለሁ። እርስዎ ደግሞ ከዚች ገመድ ወዲያ ይቁሙ ቢባሉ ከበደዎት?»

ያርጋል ዱላውን ከፍ ሊያደርጉ ሲሉ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ተከፈቱና ዱላው ውርጩ ላይ ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ አሉ፤ እጁ አልታዘዝ አላቸው። ሁለተኛም ሞከሩ። ላቀው ዱላውን አንስቶ ሰጣቸው። በግራ እጃቸው ተቀበሉትና ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ላቀው እዚያው ቆሞ ቀረ። ቁጣው ገና አልበረደለትም ነበር፤ ነገር ግን ያቺን እጅ ካየ በኋላ ቁጣውን የሚያሳርፍበት አጣ።

ለየትናየት ሄዶ የሆነውን ሁሉ ሳይቀንስ ነገራት። የትናየት ራሷን ያዘች።

«ጋሽ ላቀው፣ ኳሱ ላይ ቆሙበት? እንግዳው ላይ ጮኹበት?»

«ጮኽኩ።»

«ወይኔ! ለባለቤቱ ቢደውሉለትስ?»

«ይደውሉ። የሠራሁትን ሠርቻለሁ።» ወዲያው ግን ጠየቃት፤ «ታመው ነበር እንዴ ሰውየው?»

«እኔ እንጃ። አየር ለመለወጥ ነው የመጣሁት ነው ያሉኝ። ሌላ ምንም አልነገሩኝም።»

ያርጋል ለማንም አልደወሉም። ረፋዱ ላይ፣ ሌሎቹ እንግዶች በመኪና ወደ ተራራው ከወጡ በኋላ፣ ብቻቸውን ወደ ጎማው ምንጣፍ መጡ። ላቀው ትንሹን ሣር እየጠረገ ከሩቅ ያያቸዋል። ኳስ አስቀመጡና መቱ። ዱላው ምንጣፉን መትቶ ነጠረ፤ ከምንጣፉ ሥር ያለው ሲሚንቶ ጮኸ። ያርጋል ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና መቱ፤ እንደገና ክንዳቸውን አቀፉ። ከዚያ ዱላውን መሬት ላይ ትተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና በግራ እጃቸው የቀኙን ጣቶች አንድ በአንድ ያሹ ጀመር።

ላቀው መጥረጊያውን አስደግፎ ወደ እሳቸው ሄደ።

«ይመልሳል አይደል?» አለ። «ምንጣፉ የመቱትን ለክንድዎ ይመልሳል።»

ያርጋል ቀና ብለው አዩት። በጠዋቱ ድምፃቸው አልነበረም የተናገሩት። «ባለፈው ዓመት ደም ጭንቅላቴ ውስጥ ፈሰሰ። በቀኝ በኩል ያለኝ ሁሉ ሞቶ ነበር። እግሬ ተመለሰልኝ። እጄ ግን ቸገረኝ። ሐኪሙ የምትወደውን ነገር ሥራበት አለኝ። የምወደው ደግሞ ይህን ነው። ሣር ላይ ሲሆን መሬቱ ይቀበለኛል፤ አያምም። ምንጣፉ ላይ እስከ ትከሻዬ ይነዝረኛል።»

«ታዲያ በቀን መጥተው ሣሩ ላይ ለምን አይመቱም? የተፈቀደ ቦታ አለ እኮ።»

«ሰው እያየኝ? አዲስ አበባ አብረውኝ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ሆኜ እንዲያዩኝ አልፈልግም። ኳስ መሳቴን ማንም እንዳያይብኝ ብዬ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት።» ቀጥለውም እንዲህ አሉ፤ «ጠዋት ለተናገርኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሽማግሌ ብዬ አቃለልኩዎት።»

«ሽማግሌስ ነኝ» አለ ላቀው። «እኔም ጮኼብዎታለሁ። እግዜር ይቅር ይበለን።»

የዚያን ቀን ማታ ላቀው ወደ የትናየት ቢሮ ሄዶ አንድ ነገር ጠየቃት። ከጽዶቹ ጀርባ፣ ከመንገዱም ከማረፊያውም የማይታይ አንድ ጠባብ መሬት አለ። ላቀው ያበቀለው የመጠባበቂያ ሣር ነው፤ ሜዳው ላይ የማይድን ቁስል ሲኖር ከዚያ እየቆረጠ ይተክልበታል። ከሁሉም አብልጦ የሚሳሳለት እሱን ነው።

«እዚያ ይለማመዱ» አለ። «ውርጩ ሲነሳ፣ በመስመር፣ እኔ ባለሁበት። የገነጠሉትንም ራሳቸው ይሞላሉ።»

የትናየት ብዕሯን አስቀመጠች። «እሱን እኮ እኔን እንኳ አያስረግጡኝም።»

«አዎ።»

«ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው ብለን አልነበር?»

«ደንቡ አልተጣሰም እኮ። ሣሩም ያርፋል፣ ሰውየውም ይድናል። ደንቡ የወጣው ሜዳው ሰው እንዲያገለግል መሰለኝ፤ ሰው አጥሮ ለማስቀረት አይደለም።»

የትናየት ካሰበች በኋላ ራሷን ነቀነቀች። «ይሁን። ግን ቁጥሩን ያሳንሱ፤ በልምምድ ሜዳ ሣር የሚጨርሰው ሳያስቡ ደጋግሞ መምታት ነው። እያንዳንዱን ኳስ አስበው ይምቱ በሏቸው።»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ፣ ፀሐይ ውርጩን አንስታ ሣሩ ጤዛ ብቻ ሲቀርበት፣ ሁለቱ ከጽዶቹ ጀርባ ይገናኛሉ። ላቀው የመጀመሪያውን ኳስ ያስቀምጣል። ያርጋል ይመታሉ፤ ይስታሉ፤ መሬቱ ይቆፈራል። ቀጣዩ ኳስ ከቁስሉ ኋላ ይቀመጣል። መስመሩ ሲያልቅ ያርጋል ተንበርክከው በቀኝ እጃቸው አሸዋ እየዘገኑ ቁስሉን ይሞላሉ። መጀመሪያ ላይ አሸዋው በጣቶቻቸው መካከል እየሾለከ አስቸገራቸው። ላቀው አያግዛቸውም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ውሎ አድሮ እጁ አሸዋውን ጨብጦ መያዝ ጀመረ። ኳሱም፣ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ አንዳንዴ ተነስቶ ይበር ነበር። የመጀመሪያው ሲበር ሁለቱም እንደ ልጅ ጮኹ፤ የትናየት ምን ሆኑ ብላ ከወጥ ቤት ድረስ ሮጣ መጣች።

አንድ ጠዋት አሸዋ እየሞሉ ሳለ ያርጋል ጠየቁት። «ያኔ የነገሩኝ ነገር፣ የጊች ነገር። ሣሩ ታዲያ ተመለሰ?»

«አላየሁትም።»

«ከወረዱ ወዲህ አልሄዱም?»

«አልሄድኩም።»

«ለምን? ቅርብ አይደል እንዴ?»

ላቀው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ያኔ ስብሰባ ሲጠሩን ሣሩ ይረፍ፣ ከብቱ ይቅርለት፣ ይመለሳል ይሉን ነበር። እኔ አላመንኩም። ከብት ሣር የሚበላው ከጥንት ጀምሮ ነው እል ነበር። እዚህ መጥቼ ይህን ሜዳ ስይዝ ግን ገመድ ያሰርኩበት ሁሉ ሲመለስ አየሁት። በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ያዘኝ።»

«የምን ፍርሃት?»

«ጊች ላይ ሣሩ ከተመለሰ ሰዎቹ ልክ ነበሩ ማለት ነው፤ እኔ ነኝ አገሬን ስጎዳ የኖርኩት። ካልተመለሰ ደግሞ በከንቱ ነው የወጣነው። ከሁለቱ የትኛውን ልይ ብዬ ልሂድ?»

ያርጋል የያዙትን አሸዋ ቀስ ብለው ጉድጓዱ ውስጥ አፈሰሱት። ሊያጽናኑት አልሞከሩም። ሲነሱ ብቻ፣ «መኪናዬ ቆማለች። ሹፌሩም እንቅልፍ ነው ሥራው። ሲፈልጉ ይንገሩኝ» አሉት።

ላቀው ይህን ለሚስቱ ለጤናዬ ነገራት። ጤናዬ ከጊች ከወረደች ወዲህ ከቤት እምብዛም አትወጣም። ጊች ላይ ከጎረቤት ጎረቤት ስትዞር የምትውል፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበረች። አሁን ገበያ እንኳ ደርሳ ስትመጣ በሩን ዘግታ ትቀመጣለች። ደባርቅን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «እዚህ ታች» ነው የምትለው።

«ሄደን ምን ልናይ?» አለች።

«ሣሩን።»

«ሣሩን ለእነሱ አልተውንላቸውም?»

«ትተንላቸዋል።»

«ታዲያ ምናችን ነው?»

ላቀው ጋቢውን ደርቦ ወደ ሥራው ወጣ። እሁድ ጠዋት ግን ተነስቶ ጫማውን ሲያስር፣ ጤናዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስንቅ ቋጥራ፣ በሩ ላይ ቆማ አገኛት።

«እየመሸብን ነው» አለችው፤ ገና መንጋቱ ነበር።

ያርጋል ከፊት ወንበር ተቀምጠው አብረው ሄዱ። ሳንቃ በር ላይ ላቀውን የሚያውቀው አንድ የፓርኩ ጥበቃ ስካውት ጠመንጃውን ይዞ ተሳፈረ። የጊች መሄጃ ከመኪናው መንገድ በሚለይበት ቦታ ወረዱ፤ ለጤናዬ በቅሎ ተገኘላት። ያርጋል እግራቸውን እያዩ፣ «እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» አሉ። «ያያችሁትን ትነግሩኛላችሁ።»

ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ጀመሩት። ላቀው ከፊት ሆኖ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ። መንገዱን እግሩ ያውቀዋል፤ የት ላይ ድንጋዩ እንደሚያዳልጥ፣ የት ላይ መቆም እንደሚያሻ። በአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ አልፈው ረጃጅሞቹ ጅብራዎች ብቅ ማለት ሲጀምሩ ጤናዬ ከበቅሎዋ ወረደች። «በእግሬ ነው የምገባ» አለች።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ላቀው ቆመ።

የሚያውቀው ተራራ የተላጨ ነበር። የበጎች መሄጃ በየአቅጣጫው የሰነጣጠቀው፣ ዝናብ ያጠበው፣ ድንጋዩ የወጣ። አሁን ከዚህ አፋፍ እስከዚያኛው ጓሳ ለብሷል። ነፋስ ሲመጣ ሣሩ ሁሉ አንድ ላይ ጎንበስ ይልና አንድ ላይ ይነሳል። የገብሱ እርሻ ድንበር የቱ እንደነበር አይለይም። ጭላዳ ዝንጀሮዎች፣ ግልገሎቻቸውን አዝለው፣ ቁጭ ብለው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ሰው ሲያዩ ትንሽ ፈቀቅ ከማለት በቀር አልተጨነቁም።

ላቀው ተንበረከከና እጁን ሣሩ ውስጥ ከተተው። አፈሩን እስኪያገኝ ጣቶቹ ብዙ መውረድ ነበረባቸው። ርጥብ ነው። ልክ ነበሩ ማለት ነው። ለዓመታት የፈራው ቃል ይኼ ነበር፤ ሲመጣበት ግን የጠበቀውን ያህል አልመታውም። አባቱን አሰበ፤ አያቱንም። የሚበሉት እንጂ የሚያጠፉት ነገር እየፈለጉ አልነበረም የኖሩት። ይህንም ማንም አይፍቅባቸውም። ሁለቱም እውነት ነበሩ፣ እዚያው ሣር ላይ፣ ጎን ለጎን። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ለየትኛው እንደሆነ እሱም አላወቀም።

ጤናዬ አልጠበቀችውም። ወደ ቤታቸው ሄዳለች። ቤቱ የለም፤ ክብ ሆኖ የቀረ የድንጋይ መሠረት ብቻ ነው። በረታቸው የነበረው ሳማ አብቅሏል፤ የከብቱ ፍግ ያደለበው ሳማ የሰው ቁመት አክሏል። ጤናዬ በራቸው በነበረበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ላቀው ከጎኗ ተቀመጠ። ስካውቱ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው።

«ይቺ ላይ ነበር እህል የማሰጣው» አለች፣ ሣሩ መካከል ወዳለ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ እያመለከተች።

«አዎ።»

«ዓለምዬ ከቤቷ ደጅ፣ ከዚያ ማዶ ሆና ትጠራኝ ነበር። ድምጿ ከዚያ ወዲህ ይመጣል፣ ጉም እንኳ ቢሆን።»

«አዎ።»

ጤናዬ የተቀመጠችበትን ድንጋይ በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቅር እያላትም ቢሆን፣ «አምሮበታል» አለች። «ክፉ ነገር አበቀሉበት ብዬ ነበር። መንገድ ሠሩበት፣ ሌላ ሰው አሰፈሩበት ብዬ ሳስብ ነው የማድረው። ማንም የለም። እንዲሁ አምሮ ተቀምጧል።» ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ስንቋን ፈታች። በሉ፤ ለስካውቱም ሰጡት።

ሲመለሱ ጤናዬ በቅሎዋ ላይ ሆና ዝም አላለችም። መንገዱን ሙሉ የሰው ስም ትጠራለች፤ እገሌም ይህን አላየም፣ የእገሊት በርም እንደኛው ነው፣ እነ እገሌን ማን ነግሯቸው። ያርጋል መኪናው አጠገብ ፀሐይ ሲሞቁ አገኟቸው። ምን አያችሁ ብለው ላቀውን ጠየቁት፤ የመለሰችው ግን እሷ ናት፤ እስከ ደባርቅ ድረስ ስትነግራቸው መጣች። ያርጋል ወደ ኋላ ዞረው እየሰሙ አንድም ጊዜ አላቋረጧት።

ያርጋል ኅዳር ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። እጃቸው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ግን ጽዋ ይይዛል፣ ስም ይፈርማል፣ ከሚያስቀምጡት ኳሶች ገሚሱን ይመታል። በተሰናበቱበት ቀን የትናየትን ይቅርታ ጠየቁ፤ ሜዳው ላይ ያጠፉት ሁሉ እንዲጻፍባቸውም ለመኑ። እሷም፣ «ሞልተውታል እኮ» አለቻቸው። ለውድድሩ ከመጡት ተጫዋቾች ጋር እሳቸውም ተመልሰው መጡ። አልተወዳደሩም፤ ነገር ግን ከጽዶቹ ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በመስመሩ ቆመው መቱ። ሁለት ጊዜ ሳቱ። የሳቀ አልነበረም። ላቀው ጠዋት ውርጩ እስኪነሳ እንግዶቹን ሻይ ቤት አስቀምጦ ሲያበቃ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም አሸዋ ይዘው ሲንበረከኩ ቆሞ ተመለከተ። ባለቤቱ ስለ መኪና ማቆሚያው ሁለተኛ አላነሳም።

ጤናዬ ደግሞ የጊች ሴቶችን ቤት ለቤት እየዞረች ሰበሰበች። ከጥምቀት በኋላ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው፣ ሽማግሌዎችም ባልቴቶችም፣ ተራራውን ወጣ። አንዳንዶቹ ሣሩን አይተው ተቆጡ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንድ ሽማግሌ የእርሻቸውን ድንበር ፈልገው ሲያጡት ሳቁ። የማዶዋ ጎረቤት ዓለምዬ ግን አልሄደችም። ጤናዬ ብትለምናትም፣ «እኔ አልችልም፤ ተዪኝ» ብላ ቀረች።

ጤናዬ ስትመለስ ልብሷን ሳትቀይር ዓለምዬ ጋ ሄደች። ዓለምዬ በሩን ከፍታ፣ ግቢ እንኳ ሳትላት፣ «የኔ በር ድንጋይ አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አለ።»

«ያ ሰፊው?»

«ያ ሰፊው። ተቀምጬበት መጣሁ።»

ዓለምዬ ይህን ስትሰማ መንገድ ለቀቀችላት፤ ጤናዬም ገባች።